ከሆስፒታሉ አልጋ ወዴት? ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሰው ማገገሚያ ሲታቀድ

ጭንቅላቱ ክፉኛ ተጎድቶ ሆስፒታል የገባ ሰው ዐይኑን የገለጠ ዕለት ዘመድ አዝማድ «ተመስገን፣ ተረፈልን» ይላል። ሊል ይገባዋልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ምስጋና በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኬዝ ማናጀር የምትባለው የሆስፒታሉ ሠራተኛ አንድ ወረቀት ይዛ ወደ ክፍሉ ብቅ ትልና «ከዚህ ሲወጣ የት እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ? እስከ ነገ ብትነግሩኝ» ትላለች። ወረቀቱ ላይ የአምስት ስድስት ቦታ ስምና ስልክ ተደርድሯል። ቤተሰቡ እንቅልፍ ካየ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ከፊሉ እንግሊዝኛው አይበቃውም፤ የሚበቃውም ቢሆን ማገገሚያ ሆስፒታልና ነርሲንግ ሆም ምን እንደሚለያያቸው የሚጠይቅበት ምክንያት ከዚያ በፊት አልገጠመውም። ስለዚህ ለቤት የሚቀርበው ይመረጥና ነገሩ በዚያው ያልቃል።

የማገገሚያ ዕቅድ የሚወጣው ከበሽተኛው ፋይል ነው። ፋይሉ ውስጥ የአንጎሉ ፎቶግራፍ፣ የሚወስደው መድኃኒትና የኢንሹራንሱ ቁጥር ይገኛል። ሰውየው በምን ቋንቋ እንደሚያስብ፣ ቤቱ ስንት ደረጃ እንደሚያስወጣ፣ ማን እንደሚያስታምመው፣ ከአደጋው በፊት ጠባዩ ምን ይመስል እንደነበር ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ይህን የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ዝም ካለ ዕቅዱ የሚወጣው ለሌላ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በቅድሚያ የጉዳቱን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ስትሮክ በአብዛኛው አንድ የደም ሥር የሚመግበውን የአንጎል ክፍል ሲጎዳ፣ የመኪና ግጭት ወይም ከከፍታ መውደቅ ግን አንጎልን በራስ ቅል ውስጥ ስለሚያናውጠው ጉዳቱ በብዙ ቦታ ሊበተን ይችላል። በመሆኑም አንዱ እጁና እግሩ ደህና ሆኖ ትውስታውና ትዕግሥቱ ሲጎድል፣ ሌላው ሁሉን እያስታወሰ አንድ ጎኑ ይዝላል። «የእገሌ አባት በስትሮክ ታመው በስድስት ወር ተነሡ» የሚለው የለቅሶ ቤትና የሠርግ ቤት ወሬ ለማጽናናት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለዕቅድ አይረዳም።

ፋይሉን ለማየት የፈለገ ቤተሰብ ከሚያገኛቸው ቁጥሮች አንዱ የግላስጎው መለኪያ ነው። ግሬሃም ቲዝዴልና ብራያን ጄኔት የተባሉ የግላስጎው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ሲሆን፣ ዐይን መግለጥን፣ መናገርንና አካልን ማንቀሳቀስን እየመዘነ ከ3 እስከ 15 ነጥብ ይሰጣል። 8 እና ከዚያ በታች ከባድ፣ ከ9 እስከ 12 መካከለኛ፣ ከ13 እስከ 15 ቀላል ጉዳት ይባላል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የሚያስፈልገው፣ ከሦስቱ አንዱ ንግግር መሆኑን ነው። በአማርኛ «ውኃ ስጡኝ» ያለ በሽተኛ አማርኛ በማያውቅ ሰው ጆሮ ትርጉም የሌለው ድምፅ ሊመስል ይችላል።

በአሜሪካ አሠራር ከሆስፒታል የሚወጣ የጭንቅላት ጉዳተኛ በአብዛኛው ከሦስት ቦታዎች ወደ አንዱ ይሄዳል። አንደኛው የማገገሚያ ሆስፒታል ነው። እዚያ እንደ ደንቡ በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን ይሠራል። ፊዚካል ቴራፒስት ታስነሣዋለች፣ ታራምደዋለች፤ ኦኪዩፔሽናል ቴራፒስት መልበስን፣ መታጠብንና መብላትን መልሳ ታስለምደዋለች፤ ስፒች ቴራፒስት ደግሞ ንግግሩን፣ ትውስታውንና አዋዋጡን ትከታተላለች። በዚሁ ሙያ የሠለጠነ ሐኪምም በሳምንት ውስጥ ደጋግሞ ያየዋል። ሁለተኛው ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚሰጥ ማገገሚያ ሲሆን፣ ልምምዱ ቀለል ያለ፣ ሐኪሙም አልፎ አልፎ የሚመጣበት ነው። ሦስተኛው ቤት ነው። ወይ ቴራፒስቷ ቤት ድረስ ትመጣለች፣ ወይ በሽተኛው ወደ ክሊኒክ ይመላለሳል።

ነርሲንግ ሆም ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በቀን ሦስት ሰዓት ለመሥራት አቅሙ ገና ያልደረሰ ሰው እዚያ ቆይቶ ሲጠነክር ወደ ማገገሚያ ሆስፒታል ሊዛወር ይችላል። ይህ ሐሳብ ካለ ግን ከመጀመሪያው ዕቅዱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ነገር በሦስተኛው ሳምንት የሚያስታውሰው አይገኝም። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው። «ትእዛዝ አይከተልም፣ ግራ ተጋብቷል፣ ሦስት ሰዓት መሥራት አይችልም» ተብሎ ወደ ነርሲንግ ሆም የተላከው ሰው ትእዛዙ የተሰጠው በየትኛው ቋንቋ ነበር?

ጊዜና ቦታ ምን ያህል እንደሚወስኑ ለማየት የጋብሪኤል ጊፈርድስን ታሪክ ማስታወስ ይቻላል። የአሪዞና የሕዝብ እንደራሴ የነበሩት እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 8 ቀን 2011 በቱሶን ከተማ ጭንቅላታቸውን በጥይት ተመትተው የአንጎላቸው ግራ ክፍል ተጎዳ። በ13ኛው ቀን ወደ ሂውስተን ተወሰዱ፤ እዚያም በአንድ የታወቀ የማገገሚያ ሆስፒታል ገብተው እስከ ጁን 15 ቆዩ። ቃላት ሲጠፏቸው በዜማ እያስጀመሯቸው እንዲናገሩ ይረዷቸው ነበር። ያም ሆኖ የንግግር ችግሩ ሙሉ በሙሉ አልለቀቃቸውም፣ ልምምዱንም ከዓመታት በኋላ እንኳ አልተዉትም። የስደተኛ ቤተሰብ የእንደራሴ ጉልበትና ገንዘብ እንደሌለው ግልጽ ነው። ነገር ግን «ለምን ማገገሚያ ሆስፒታል አልተመረጠለትም?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም። ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ሐኪሙ የኢንሹራንሱን ሐኪም በስልክ እንዲያነጋግርና ቤተሰቡም በጽሑፍ ይግባኝ እንዲል መንገድ አለ። ሜዲኬር ያለው በሽተኛ ደግሞ ከሆስፒታል ውጣ የተባለበት ቀን ሳያልፍ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የይግባኙ ስልክ ሆስፒታሉ በሚሰጠው የመብት ማስታወቂያ ላይ ተጽፏል።

ወደ ቋንቋው ነገር እንመለስ። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው በየጠዋቱ ከሚጠየቃቸው ጥያቄዎች ዋነኛው «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመቱስ?» የሚል ነው። በሽተኛው የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ከጠራ ከፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሆናል። ሰዓት ሲጠየቅ ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ሰዓት እያየ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት» ቢል ትክክለኛ ሐበሻ ነው፤ ፋይሉ ላይ ግን «ጊዜና ቦታ አያውቅም» ተብሎ ይጻፍበታል። ወራቱን ቁጠር ሲባል ከመስከረም ጀምሮ ጳጉሜን ላይ ቢጨርስ አሥራ ሦስት ይሆኑበታል። «ወርልድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከመጨረሻው ፊደል ወደ መጀመሪያው ጥራ የሚለው ፈተናም በሀሁ ላደገ ሰው ጤነኛ ሆኖም የሚያስቸግር ነው።

የስም ነገርም አለ። ነርሷ በሽተኛውን በመዝገቡ የመጨረሻ ስም «ሚስተር እገሌ» ብላ በአባቱ ስም ትጠራዋለች። ሙሉ ጤነኛ ሳለ ለምዶት ይሆናል፤ ከሰመመን እየነቃ ያለ ሰው ግን በአባቱ ስም ሲጠራ አቤት የሚልበት ምክንያት የለውም። «ስሙን አይለይም» ከመባሉ በፊት አልጋው ራስጌ ላይ የሚጠራበትን ስም፣ የቤት ስም ካለው የቤት ስሙን፣ ከነአጠራሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ መለጠፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ኢትዮጵያውያን ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው አዎን እንደሚሉም ለቴራፒስቷ መንገር ይጠቅማል። ካላወቀችው ወይ እንደደነገጠ፣ ወይ ትንፋሽ እንዳጠረው ትቆጥረዋለች፤ እሱ ግን መልሶላታል።

የአማርኛ ንባቡንም ማየት ጥሩ ነው። የቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ብዙ ጊዜ ግራ ጎኑን ልብ አይልም፤ ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ በልቶ የግራውን ይተዋል፣ ጢሙንም የአንዱን ጉንጭ ብቻ ይላጫል። ይህንኑ ጋዜጣ ሰጥቶ ማስነበብና መስመሩን ከግራ ጫፍ ይጀምር እንደሆነ ወይም ከመካከል እንደሆነ ማስተዋል ለቴራፒስቷ ትልቅ ወሬ ነው። እንዳላነበበ የሚያውቀው አማርኛ የሚያነብ ዘመድ እንጂ እሷ አይደለችም።

ይህ ሁሉ የአስተርጓሚን ጉዳይ ያመጣል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብት ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቃት ያለው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ለአባቱ አስተርጉም ማለት ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር አይፈቀድም። ባይከለከል እንኳ ነውር ነው፤ ልጁ «አባትህ ሥራ መመለሱ ያጠራጥራል» የሚለውን ተርጉም መባል የለበትም። በዋሽንግተን ዲ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች ውስጥ አስገብቶታል። አስተርጓሚው በስልክ ወይም በቪዲዮ ቢሆንም ለመነጋገር ይበቃል፤ ለንግግር ምርመራ ግን በአካል ቢገኝ ይመረጣል። «ለማስተርጎም ብቻ ሳይሆን አማርኛው ራሱ የተዛባ እንደሆነ እንዲነግረን ጭምር» ብሎ አስቀድሞ ማስገንዘብም ያስፈልጋል። ጎበዝ አስተርጓሚ የተዛባውን አስተካክሎ የመናገር ልማድ አለው። እዚህ ላይ ግን ማስተካከል በሽታውን መደበቅ ይሆናል።

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው አንጎሉ ሲጎዳ የትኛው ቋንቋ ይመለስለታል? ጥያቄው አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1882 በልጅነት የተለመደው ቋንቋ ይቀራል ሲል፣ ሌላው ፈረንሳዊ ፒትር ደግሞ በ1895 ከጉዳቱ በፊት አዘውትሮ የሚናገሩት ቋንቋ ይቀድማል አለ። ከዚያ ወዲህ የታየው ሁለቱም ሁልጊዜ እንደማይሠሩ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቋንቋዎች አብረው ይሻሻላሉ፣ አንዳንዴ አንዱ ይቀድማል። ለዕቅድ የሚጠቅመው ይልቅ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ከነገ ወዲያ ከማን ጋር ይነጋገራል? ሚስቱ አማርኛ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ ከሆኑ፣ በአንዱ ብቻ የሚሰጥ ልምምድ ከቤቱ ግማሽ ጋር ሊያቆራርጠው ይችላል። «ግራ እንዳይጋባ አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክር የሚሰጥ ባለሙያ ካጋጠመ፣ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

ቤተሰብን ከሁሉ በላይ የሚያስደነግጠው ግን በሽተኛው የሚቆጣበት ወቅት ነው። በካሊፎርኒያ የራንቾ ሎስ አሚጎስ ሆስፒታል ባለሙያዎች ያወጡት፣ በመጀመሪያ ስምንት በኋላም አሥር ደረጃ ያለው የማገገም መለኪያ አለ። በዚያ መለኪያ አራተኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው ይጮኻል፣ የተሰካበትን ቱቦ ይነቅላል፣ ሊመታ ይቃጣል፣ በሕይወቱ ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ይሳደባል። እናት «ልጄን ምን ነካብኝ? ይሄ እሱ አይደለም» ትላለች፤ አንዱ ዘመድ መንፈስ ነው ይላል፣ ሌላው መድኃኒቱ ነው ይላል። ደረጃው ግን ከሦስተኛው የተሻለ ነው፤ አንጎሉ ነቅቷል፣ የሚሰማውንና የሚያየውን ግን ገና ማቀናጀት አልቻለም። በዚህ ጊዜ «ማረጋጊያ ስጡት» ብሎ መወትወት እንደ ሐሳብ መልካም ቢመስልም፣ አንዳንድ ማረጋጊያዎች ማገገምን ሊያዘገዩ ይችላሉ ተብሎ ስለሚሠጋ ምርጫውን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መወሰን ይሻላል። የሚረዳው ጸጥታ፣ ደብዘዝ ያለ ብርሃንና አንድ የሚያውቀው ሰው ነው።

ጸጥታ ደግሞ ለማኅበረሰባችን ከባድ ነው። የታመመን መጠየቅ ደግ ባህል መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን እሑድ ከቅዳሴ መልስ አሥራ አምስት ሰው ሆኖ አልጋውን ከብቦ «አወቅኸኝ? እኔ ማን ነኝ?» እያሉ በየተራ መፈተን ጤነኛውንም ያደክማል። እንደዚህ ያለው በሽተኛ ሰኞ ዕለት ሦስት ሰዓቱን መሥራት ቢያቅተው አይገርምም። አንድ ዘመድ ወይም የዕድሩ ጸሐፊ ተራ አውጥቶ በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይገባ፣ ከሃያ ደቂቃ በላይም እንዳይቀመጥ ቢያደርግ፣ የቀረው ሰው ፍቅሩን በሌላ መንገድ ሊገልጽ ይችላል፦ ልጆቹን ትምህርት ቤት በማድረስ፣ የቤት ኪራይ በማዋጣት፣ ለሚስቱ አንድ ሌሊት እንቅልፍ በመስጠት። ቅር የሚለው ሰው አይጠፋም፤ ቅር ይበለው።

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ይህም ወደ መዋጥ ጉዳይ ያደርሳል። የአንጎል ጉዳት የመዋጥን ሥርዓት ሲያዛባ ምግብና ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሳንባ ምች ይከተላል፣ እሱም ይገድላል። ጤነኛ ሰው ትን ሲለው ያስላል፤ ጉዳተኛው ግን ሳያስል፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወደ ሳንባው ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ «ሲውጥ ደህና ነው፣ እኔ አየሁት» ማለት አይበቃም፤ ቴራፒስቷ ባሪየም የተቀላቀለበት ምግብ እያስዋጠችው በኤክስሬይ ታየዋለች። አብዛኛውን ጊዜ አስቸጋሪው ቀጭን ፈሳሽ ነው፦ ውኃ፣ ሻይ፣ ቡና። ለዚህ ነው ፈሳሹ እንዲወፍር የሚደረገው። ፍቅር ሆኖ የሚሰጥ ትልቅ ጉርሻ፣ ለበረከት ተብሎ የሚሰጥ አንድ ኩባያ ጠበል ለዚህ ሰው አደገኛ ነው። ጠበሉ እንዲረጭለት ወይም ቴራፒስቷ በፈቀደችው መጠንና ውፍረት እንዲቀምስ ማድረግ ይቻላል፤ ካህናቱም ቢነገራቸው ይረዳሉ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይታሰቡም። ገንፎ ለስላሳ ቢመስልም ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ይህን የማታውቅ ቴራፒስት «ለስላሳ ምግብ ይብላ» ብላ ልታልፍ ስለምትችል፣ ቤት የሚበላውን ምግብ በሣህን ይዞ ሄዶ እሷ ባለችበት ማስቀመስ ከሁሉ ይበልጣል። ጾም የሚጾም ከሆነም የሚጥል በሽታ መከላከያ መድኃኒት ሰዓቱ እንዳያልፍ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «ግቡ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ባለሙያዎቹ ይጠይቃሉ፤ ቤተሰቡ «ይዳንልን እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጸሎት እንጂ ግብ አይደለም። ግብ የሚባለው «ሦስተኛ ፎቅ ያለ አሳንሰር ስለምንኖር ሠላሳ ስድስት ደረጃ መውጣት መቻል አለበት» ወይም «ሚስቱ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት እስከ ጠዋት ስለምትሠራ ሌሊት ብቻውን መጸዳጃ ቤት መሄድ መቻል አለበት» የሚለው ነው። እንዲህ ሲነገራቸው ደረጃውን ማሠራት፣ ሌሊቱን ማሰብ ይጀምራሉ። ካልተነገራቸው በወጥ ቤት ልምምድ ክፍል ሳንድዊች ሲያሠሩት ይከርማሉ። በሕይወቱ ሳንድዊች ሠርቶ ለማያውቅ የስድሳ ዓመት አዛውንት ይህ ምን ይፈይድለታል? በአንጻሩ ቡና ስታፈላ የኖረች ሴት ቡናውን ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ በስኒ ልክ መቅዳት እያለች ቅደም ተከተልን፣ ትዕግሥትን፣ የእጅ ቅልጥፍናንና የእሳት ጥንቃቄን በአንድ ጊዜ ትለማመዳለች። ከዚህ የተሻለ ፈተና የሚያዘጋጅ ቴራፒስት ማግኘት ያዳግታል።

የቀኝ እጅም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ቀኝ እጁ የዛለበት ሰው በግራው እንጀራ መቁረስ ያሳፍረዋል፤ ከሰው ፊት መብላት ትቶ ብቻውን ይበላል፣ ብቻውን መብላት ደግሞ ለሐበሻ ግማሽ መሞት ነው። ለቴራፒስቷ ይህን ማስረዳት ይገባል፤ ሹካ መያዝን ከማስተማር በፊት እንጀራ በቀኝ ጣቶች መቁረስ፣ ወጥ መጠቅለል፣ ወደ አፍ ማድረስ ልምምዱ ውስጥ ይግባ። እስኪችል ድረስም ቤተሰቡ በግራው ሲበላ እንደማንኛውም ቀን አብሮት መቁረስ አለበት።

ቤተሰብ ሳያውቅ የሚያበላሸው አንድ ነገር ቢኖር ማስታመም ነው። በባህላችን የታመመ አይነሣም፣ አይሠራም፤ ይታጠባል፣ ይጎረሣል፣ ይደገፋል። ማገገሚያ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሸሚዙን ለመልበስ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ሃያውን ደቂቃ ማግኘት አለበት። ቆሞ ማየት ለእናት ከባድ ነው፤ እህት ከሆነች ደግሞ እንባዋ ይቀድማል። በሌላ በኩል «ጨክኖ ማሠራት» የሚሉትም ልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነ፣ በአምስት አገሮች ከሁለት ሺህ በላይ የስትሮክ በሽተኞችን ያካተተ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በብዛት ከአልጋ እያስነሡ ማንቀሳቀስ ውጤቱን እንዳባሰው አሳይቷል። አጭር አጭር፣ ደጋግሞ፣ ዕረፍት እየጣሉ ነው የሚመከረው። የአንጎል ድካም የስንፍና ዓይነት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው ቃል «ለውጡ ቆሟል» የሚል ሲሆን፣ ኢንሹራንስ ልምምዱን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ነው። እዚህም ሜዲኬር ያላቸው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። «ጂሞ» በሚባለው ክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት፣ የባለሙያ እገዛ የሚያስፈልገው ሰው መሻሻል ስላላሳየ ብቻ ክፍያው አይቋረጥበትም፤ ያለውን አቅም ለማቆየት ወይም እንዳይብስ ለማድረግም ይከፈላል። ይህን የማያውቁ መሥሪያ ቤቶች ዛሬም አሉ።

ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት በአጭሩ። አደጋው በሥራ ላይ ከደረሰ የሠራተኛ ካሣ ጥያቄ ቀኑ ሳያልፍ መቅረብ አለበት፤ ታክሲ የሚነዱ ብዙዎች ግን እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠሩ ይህ አይደርሳቸውም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ ሃምሳና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ያለ ደመወዝ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለባል፣ ለሚስት፣ ለወላጅና ለልጅ እንጂ ለወንድምና ለእህት አይደለም። በስደት አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም እህት በመሆኑ ይህ ብዙዎችን ያጠምዳል፤ የዲ.ሲ. የራሱ ሕግ ግን ወንድምና እህትን ይቆጥራል። የአጎት ልጅን «ወንድሜ ነው» ብሎ ማስመዝገብም ኋላ ማን ይፈርም በሚባልበት ጊዜ ጣጣ ያመጣል። የሜዲኬይድ መብት እንደ መኖሪያ ወረቀቱና እንደ ክፍለ ሀገሩ ይለያያል፤ በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግም የስደተኞችን መብት ስላጠበበው፣ ከዚያ በፊት የተነገረ ምክር ሁሉ እንደገና በሶሻል ወርከርና በሕግ ዐዋቂ መታየት አለበት።

በዚህ መካከል «ለምን አገር ቤት አንወስደውም? እናቱ አሉ፣ እህቶቹ አሉ፣ ሰው አለ» የሚል ሐሳብ ይነሣል። እውነት አለው፤ እዚህ ሚስቱ ሁለት ሥራ ስትሮጥ እሱ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ግድግዳ ከሚያይ፣ እዚያ ሰው መካከል ቢውል ይሻለዋል። ነገር ግን ለአንጎል ጉዳት የሠለጠኑ ቴራፒስቶች እዚያ እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ሜዲኬር በአብዛኛው ውጭ አገር አይከፍልም፤ ኤስ.ኤስ.አይ. የሚባለው የመንግሥት ድጎማ ሠላሳ ተከታታይ ቀን ከአገር ከወጡ ይቋረጣል፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም ያለ መመለሻ ፈቃድ ዓመት ከቆየ ወረቀቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ፈጣን መሻሻል በብዛት የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ እነዚያን ወራት ቴራፒስት ባለበት ማሳለፍ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉዞውን ማሰብ የተሻለ ቅደም ተከተል ይመስላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ መሪ ነው። ለብዙ ኢትዮጵያውያን መኪና መንዳት የእንጀራ ጉዳይ በመሆኑ በሽተኛው ገና በሁለት እግሩ ሳይቆም «መቼ ነው የምነዳው?» ማለት ይጀምራል። እጁና እግሩ ስለተመለሱለት ብቻ ቁልፉን መስጠት አይገባም። የሚመዘነው የዐይኑ ስፋት፣ የግራ ጎን ትኩረቱ፣ የመወሰን ፍጥነቱና ከአደጋው በኋላ የሚጥል በሽታ ይዞት እንደሆነ ነው። ይህን የሚፈትኑ፣ መጀመሪያ በክፍል ውስጥ ቀጥሎም በሁለት ፔዳል በተሠራ መኪና ጎዳና ላይ ወጥተው የሚያዩ የመንጃ ማገገሚያ ባለሙያዎች አሉ። ፈተናውን ብዙ ኢንሹራንሶች አይከፍሉትም። ዕድሩ ለአንድ ነገር ገንዘብ ማዋጣት ከፈለገ ለዚህ ያዋጣ።